ሐይቁ ዳር ለመጻፍ ለምታስቡ

ወደ ሥነ ጽሑፍ ክበባችን አዲስ ሰው ሲመጣ፣ ይዞት በሚመጣው የመጀመሪያ ግጥም ላይ ጀንበር ትጠልቃለች። ሐይቁ ወርቅ ይለብሳል፣ ወፎች ይዘምራሉ፣ ነፍስ ትረሰርሳለች። አጨብጭበን እንቀበለዋለን። ሐዋሳ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ በእውነት ታምራለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ግጥሙን ግን ባሕር ዳር ወስዳችሁ ብታነቡት ጣና ይሆናል፣ ባቱ ወስዳችሁ ብታነቡት ደንበል ይሆናል። ሐዋሳ የለችበትም።

ይህን የምጽፈው ስለሚኖሩበት ቦታ፣ ስለ ውሃውና ስለ ዛፉ፣ አብሯቸው ስለሚኖረው ሰው፣ በእነዚህም መካከል ስላለው ስም ለማውጣት የሚያስቸግር ነገር መጻፍ ለሚፈልጉ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ክበቡ የተጀመረው ግጥምና ታሪክ በኮምፒውተር ሊያስጽፉ በሚመጡ ደንበኞቼ ነው። ወረፋ ሲጠብቁ አንዱ የሌላውን ያነባል፣ ከዚያ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ ሱቁን ሲያጣብበው «ኧረ ወደ ሐይቁ እንሂድ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት እንገናኛለን። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የለኝም። ሰው ሲጽፍ፣ የጻፈውን ሲጥልና እንደገና ሲጽፍ ግን ብዙ አይቻለሁ፤ የማካፍላችሁም ከዚያ የቀሰምኩትን ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። የቦታን መንፈስ፣ ቦታው ላይ ተቀምጦ የሚተክዝ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ በሚያደርጉት ነገር ውስጥ ነው ያለው፦ በሚሳሉት፣ በሚፈሩት፣ «ይህ አይደረግም» በሚሉት፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ «አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር» ብለው በሚደግሙት። ስለ ውሃ መጻፍ የፈለገ፣ ከውሃው ጋር ጉዳይ ያለውን ሰው ይፈልግ።

ለምሳሌ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል። ከሰዓት ሳይሆን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሂዱ። ማታ የተጣለው መረብ ከነዓሣው ተጭኖ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው ለየብቻ ይከመራል። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ቆሮሶውን ጭራው ላይ ጨምድዶ ይይዝና ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ይፍቀዋል፤ ቅርፊቱ እስከ ክርኑ ድረስ ይለጠፍበታል። ከዚያ ቢላዋውን ከክንፉ ሥር ሰክቶ አጥንቱን እየተከተለ እስከ ጭራ ይወርዳል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ሥጋውን አንሥቶ ያስቀምጣል። አጽሙን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። መሬት ሳይነካ አባ ኮዳ ይቀበለዋል። አባ ኮዳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቁመቱ የልጅ ያህል የሆነ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ከአንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው። መልኩን ግጥም ውስጥ ማስገባት ከባድ ስለሆነ ይመስለኛል ገጣሚዎቻችን የሚያልፉት። እኔ ግን ሐዋሳን የሚያውቅ ጸሐፊ በአባ ኮዳ ይለያል እላለሁ።

ከክበባችን አንዷ ልጅ ለረጅም ጊዜ እዚያ ስትመላለስ ነበር። ደብተር አልያዘችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። ዓሣ ትገዛለች፣ ሾርባ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ነበሩ፤ ጀልባቸው ዳር ስትደርስ ጓደኞቻቸው «ስንት ያዛችሁ?» ሲባሉ ይመልሳሉ፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። ዓሣው ወርዶ መሬት ላይ ካልተዘረጋ አይቆጥሩም። ሲለምዷት ጊዜ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጀልባው ላይ እያለ ለምን አይቆጥሩትም?»

«ልጄ፣ እስኪወርድ ድረስ የሐይቁ ነው። የሰው ከብት ይቆጠራል እንዴ?»

አገራችን ውስጥ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከብትና ልጅ በጣት አይቆጠርም፤ የቆጠረ ዓይን ያሳርፋል ይባላል። ሰውየው ግን ሐይቁን ባለ ከብት አደረጉት። ልጅቷ ይህንን ከጻፈች በኋላ ጀንበር ጽሑፏ ውስጥ አልገባችም፤ ቦታም አላገኘች።

ከዚህ የምትወስዱት፣ በመጀመሪያ ገዢ፣ ጎረቤት ወይም አጋዥ ሆናችሁ ሂዱ። ደብተር ከወጣ ሰው ንግግሩ ይቀየራል፣ ለሬዲዮ የሚናገር ይመስል «እንደሚታወቀው» ማለት ይጀምራል። ስልክ ሲደቀንበትማ ይብሳል። የሰማችሁትን ቤት ገብታችሁ ጻፉት። የረሳችሁት አብዛኛውን ጊዜ መረሳት ያለበት ነው።

የሰው ነገር ብቻ ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም፤ ውሃውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከእኛ ጋር አንድ የጂኦግራፊ መምህር አሉ፤ ግጥም አይጽፉም፣ ግን አይቀሩም። አንድ ጊዜ ሐይቁን በቁጥር ነገሩን፦ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 22 ሜትር ገደማ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ዓይነት ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨው ያጠራቅማል፤ ሻላንና አብያታን ማየት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጨዋማ አልሆነም። ውሃው በመሬት ሥር ሰርጎ ስለሚሄድ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። እኛ ቁጥሩን ሰምተን ቡናችንን ጠጣን። በሚቀጥለው እሑድ፣ እናቷን ከቀበረች ብዙ ያልቆየች አንዲት ሴት ይህንን ይዛ መጣች፦

ገባር እየዋጠ መውጫ የሌለው ሐይቅ፣
ሳይመር እንዴት ኖረ? ሂድ እናቴን ጠይቅ።

የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ሰሙ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው፣ ወርቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሁላችሁም እናት አላችሁ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስለ ተፈጥሮ የሚጽፍ ሰው የተፈጥሮን አሠራር ማወቅ የለበትም፣ ስሜቱ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ካላወቃችሁ ይህ ግጥም አይመጣላችሁም።

ስለ ክበቡ አሠራር የሚጠይቁኝ ስላሉ እሱንም ልንገራችሁ። ዘዴውን ያገኘነው ጎጃም ቅኔ ከተማረ ዲያቆን ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ጫካው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል፤ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ሲመለስ ግን መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። መምህሩ ያርማሉ፣ ያቃናሉ፣ ካልሆነም «ሂድ» ይላሉ። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ የቅኔ ዓይነት 2 ቤት ብቻ ናት፣ መወድስ 8 ቤት ይደርሳል፤ 2 ቤቷም ብትሆን የሰው ጆሮ ካልፈተናት ቅኔ ነው ተብላ አትሄድም። ብቻ መሆኑም በጉባኤ መሰማቱም የአንድ ሥራ ሁለት ክፍል ናቸው ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይወደዋል።

እኛም እንደዚያው እናደርጋለን። ስልክ ይጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንበታተናለን። አንዱ ወደ ጨፌው፣ አንዱ ወደ ሾላው ሥር፣ አንዱ ወደ ቡና ሻጯ። ተመልሰን ድምፅ አውጥተን እናነባለን። አንባቢው ማብራራት አይፈቀድለትም። «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት...» ካለ እናስቆመዋለን፤ ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም። ሌላው ደንባችን «ውብ» የሚለውን ቃል ይመለከታል፤ የተጠቀመ የሁሉንም ቡና ይከፍላል። መጀመሪያ ላይ ቡና ሻጯ በጣም ወደደችን፤ አሁን ገቢዋ ቀንሷል።

አንድ የባንክ ሠራተኛ «የሐይቁ ጸጥታ ከፈጣሪዬ ጋር አገናኘኝ» የሚል ስንኝ ይዞ መጣ። «እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ላይ ጸጥታ ከየት አገኘህ?» ተባለና ሳቅ ሆነ፤ ፍቅር ሐይቅ የምንለው ሰው የሚዝናናበትን የሐይቃችንን ዳር ነው። እውነት ነው፤ በዚያ ሰዓት ስፒከሩ ይጮኻል፣ ሕፃናት በሳይክል ይጋጫሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ ሳምቡሳ ሻጩ ይጣራል። ልጁ አኮረፈ ብዬ ነበር። ሳምንት ሲመለስ ግጥሙን ትቶ አራት መስመር የማትሞላ ወሬ አመጣ፦ ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን «ተቀራረቡ! ተቀራረቡ!» ይላቸዋል። በዚያ የሚያልፉ አንዲት እናት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሳይቆሙም፣ «አሜን» ብለው አለፉ። አለቀ። ስለ ፈጣሪ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከዚህች የሚበልጥ ብዙ አላገኘሁም።

ሐዋሳ ላይ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፉ የምታነቡለት ጉባኤ የተደባለቀ መሆኑን አትርሱ። እኛ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ የአባቶቹን ወግ የሚያከብረውም አለ። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ ከየአገሩ በመጣ ሰው ትሞላለች፤ አልጋ አይገኝም፣ ባጃጅ አይገኝም። ስለዚያ ቀን የቀረበልን ደህና ጽሑፍ የመጣው ግን ከአንዲት የሙሉ ወንጌል አማኝ ነው። በዓሉን አታከብርም፤ በራቸው ላይ ግን እናቷ ለመንገደኛ ውሃ የሚያስቀምጡበትን ጀሪካን ጻፈች። ጀሪካኑ በቀን ስንቴ እንደሚሞላ፣ ጣሳው በሲባጎ እንደታሰረ፣ «ለገብርኤል አይደለም፣ ለጠማው ነው» ብለው እናቷ ለጎረቤት እንደሚያስረዱ። ጎረቤትም «እሺ፣ ለጠማው» እያለ እንደሚስቅ።

የሲዳማን ጉዳይ ለብቻው ላንሣው፣ ምክንያቱም በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ብዙ የምንቸኩልበት እዚህ ላይ ነው። ፊቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ቀኑ እንደ እንቁጣጣሽ በካሌንደር የታሰረ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተመልክተው ይወስኑታል፣ ከዚያ ይታወጃል። በዋዜማው ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ በዕድሜ ትልቋ ሴት ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ ቡርሳሜ ታዘጋጃለች፤ ሰው በእርጥብ እንጨት በተሠራ፣ ሁሉቃ በሚባል ማለፊያ ሥር አልፎ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። ከዚያ በሐይቁ አቅራቢያ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓል ሜዳ ላይ ሕዝቡ ይወጣል፣ ቄጣላ የሚሉት የሲዳማ ጭፈራ ይደምቃል። ሽማግሌዎች ከሚመክሩት መካከል ሥራን መውደድ፣ ታላቅን ማክበር፣ በሐሰት አለመመስከር ይገኛሉ፤ አገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥም ከእነዚሁ ጋር በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ዛፍ መቁረጥ ከሐሰት ምስክርነት አጠገብ ተቀምጧል፤ የአካባቢ ጥበቃ ዘመቻ ሆኖ ሳይሆን የሰውነት መለኪያ ሆኖ።

እንግዲህ ጉዱማሌ ካሜራ አንጠልጥሎ ውሎ ማታ «በዓሉ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ዜና ነው፤ ዜናም ያስፈልጋል። መንፈሱን ከፈለጋችሁ ግን ወደ ዋዜማው ቤት ግቡ፣ ከተጋበዛችሁ። ካልተጋበዛችሁ፣ ያደገበት ሰው ይጻፈው፣ እናንተ አንብቡለት። ክበባችን ውስጥ አንዲት የሲዳማ ልጅ የአያቷን እጅ ጻፈች፤ ቡርሳሜውን ከማቅረባቸው በፊት እጃቸው ላይ የቀረውን ቅቤ የልጆቹ ግንባር ላይ ሲያብሱ። እዚያው ላይ ጽሑፏ ቆመ። «ከዚያስ?» ስንላት «ከዚያ ያለውን አያቴ ለጽሑፍ አይደለም ብላለች» አለችን። ያ ባዶ ቦታ ወረቀቱ ላይ ይታወቃል፤ ጽሑፉም በዚያ ምክንያት አልጎደለም። በአደራ የተነገራችሁን ነገር አታውጡ። አንባቢ ያልተነገረው ነገር እንዳለ ሲያውቅ ይበልጥ ይጠነቀቃል እንጂ አይቀየምም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። የአናባቢው ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣል፣ በእኛ ፊደል ደግሞ ይህ አይታይም። ስለዚህ ቃሉን በፊደላችን ስትጽፉ በጆሯችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ባለቋንቋውን አስነብቡ፣ እሱ ባለው ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋርካው ልምጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ የምንሰበሰበው አንድ ዋርካ ሥር ነበር። ቦታው ለግንባታ ታጠረ፣ አጥሩ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ዛፉ ተቆረጠ። ማን እንደሆነ እዚህ ላይ አያስፈልግም። በዚያ እሑድ ስንመጣ ግንዱ ተከምሮ ነበር፤ ጉሬዛዎቹ አጠገቡ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተኮልኩለዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰው የእርግማን ግጥም ይዞ መጣ። የእርግማን ግጥም ለጸሐፊው እፎይታ ይሰጣል፣ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ስድብ ብቻ ይቀራል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ሙሾ ይዞ መጣ። አያቱ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ዛፉን እንደ ሰው ጠርቶ፣ ጥላውን እንደ ለጋስ እጅ አንሥቶ፣ ሥሩ የተዳሩትንና የተማለሉትን እየዘረዘረ አወረደው። ዝም አልን። ከዚያ የመዘምራን አባል የሆነች እህታችን እጇን አነሣች።

«ይቅርታ፣ እኔ ይከብደኛል» አለች። «ለዛፍ ማልቀስ ለእኛ ቤት ተራ ነገር አይደለም። አያቴ ዛፍ ቅቤ ትቀባ ነበር። ከዚያ ለመውጣት የከፈለችውን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ነገሩ ጠነከረ። ዲያቆኑ፣ እዚሁ ከሐይቁ አጠገብ ያለው ተራራችን እንኳ ታቦር ተብሎ የለም ወይ፣ ተራራና ዛፍ ያከበረ ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነው ወይ አለ። ሙስሊሙ ወንድማችን፣ አንድ ሰው የተከለው ዛፍ ወፍም ሰውም ከበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ከነቢዩ ሐዲስ ጠቀሰ። ሙሾውን የጻፈው ልጅ «እኔ አላመለክኩትም፣ ቀበርኩት እንጂ» አለ። እህታችን ደግሞ ልዩነቱ ለእሱ ግልጽ ቢሆንም ለአያቷ ግልጽ እንዳልነበር ተናገረች። ቢምቢ እስኪያባርረን ድረስ ተከራከርን። አልተስማማንም፤ ማስማማትም የእኔ ሥራ አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቺው እህታችን የራሷን ጽሑፍ አመጣች። አያቷ ወንጌልን ከተቀበሉ በኋላ ቅቤ መቀባቱን ትተዋል። ወደ ዛፉ አቅጣጫም አይቀመጡም። ማገዶ ያለቀ ቀን ግን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከዚያ ዛፍ የወደቀውን ደረቅ ቅርንጫፍ ልጆቹ ሊያነሡ ሲሉ «ተዉት» ይላሉ። «ለምን?» ሲባሉ መልስ የላቸውም። «ተዉት ብያለሁ።» እርጥቡን የባሕር ዛፍ እንጨት አጭሰው፣ ዓይናቸው እያነባ ራት ያበስላሉ። ጽሑፉ አያቷን አልፈረደባቸውም፣ አላሞካሻቸውምም። ሙሾውን የጻፈው ልጅ ኮፒ ይሰጠኝ ብሎ ወሰደ።

አድባር፣ ቆሌ፣ ውቃቤ የሚባሉትን ቃላት የምንጠቀመው ከነክርክራቸው ነው። «የአገር አድባር» ብሎ ሽማግሌን የሚያከብር ሰው ዛፍ ያመልካል ማለት አይደለም፤ ቃሉ ግን ከዚያ ነው የመጣው። ቃሉን ስትጽፉ ማን እንደተናገረው ጻፉ። እናቴ «አድባሯ ትከተልህ» ስትል ባርካለች፤ እኔ በራሴ ድምፅ ወረቀት ላይ «አድባሩ ነገረኝ» ብል ሰባኪ ወይም ጠንቋይ እመስላለሁ። በሰው አፍ ሲሆን ማንም አንባቢ፣ የየትኛውም እምነት ይሁን፣ አብሮ ይሄዳል።

ከሐዋሳ ወጣ ማለት ለፈለገ ጌዴኦ ቅርብ ነው፤ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ትልልቁ ዛፍ ለእንሰቱ፣ እንሰቱ ለቡናው ጥላ ሆኖ፣ ሰው በመካከሉ ይኖራል፤ በባህሉ የተከበሩ፣ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ደኖችም አሉ። እዚያ ያለ አካባቢ ሰው፣ ያለ ሽማግሌ ፈቃድ አትግቡ። እኛ አንዱን ደን ከውጭ አይተን፣ አብሮን የነበረውን ገበሬ ወሬ ሰምተን ተመለስን፤ የተጻፈው ሁሉ ስለ ገበሬው ሆነ።

አዳማ ያለ አንድ ወዳጄ «እናንተማ ሐይቅ አላችሁ» ይለኛል። አዳማ ነፋስ አላት። የከተማው ሰው በር እንዴት እንደሚዘጋ፣ የታጠበ ልብስ እንዴት እንደሚታሰር፣ አቧራው ሲነሣ እናቶች ምን እንደሚሉ ጻፍ አልኩት። ጀምሯል፣ እስካሁን ጥሩ ነው።

ለሚመጡ ጥቂት ጥንቃቄዎች። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጨፌው ውስጥ አትቀመጡ፤ ጉማሬ አለ፣ ግጥምም አይወድም። ከመሸ ቢምቢው ብዙ ነው፣ የወባም አገር ነው፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ያዙ። በጀልባ መሄድ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ማዕበል ያነሣል።

ክበብ ለመጀመር ሦስት ሰው ይበቃል። ክፍያ የማይጠየቅበት ቦታ ምረጡ፣ ካልሆነ ተማሪዎቹ ይቀራሉ። ጽሑፉ ሲያልቅ ለተጻፈበት ሰው አንብቡለት። ለአስጋሪው ሽማግሌ ስናነብላቸው አንድ ነገር ብቻ አረሙ፤ ልጅቷ መረቡ ጠዋት ይጣላል ብላ ጽፋ ነበር፣ «ማታ ነው፣ ጠዋትማ ይነሣል» አሉ። ከብቱን በተመለከተ ምንም አላሉም። ለሽማግሌ የምትሰጡትን ኮፒ ፊደሉን ከፍ አድርጋችሁ አሳትሙ፤ 16 ይበቃል፣ ዓይን ከደከመ 18። ከሁለት ገጽ በላይ ከሆነም አያይዙት፤ ሐይቁ ዳር ወረቀት አንድ ጊዜ ከተበተነ አይሰበሰብም።